ትንሹን ዘላይ ጢንዚዛ ለይቶ ማወቅ ቡቃያን ያድናል

ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፣ በአባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኘው የላንቴ ቆላ ሙዝ፣ በቆሎና ጥጥ ይለማሉ። ጥጥ በሚዘራበት ቆላ ሁሉ አምራቹ ገበሬ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጠላት አለ። ቡቃያው የመጀመሪያ ሁለት ቅጠሎቹን እንዳወጣ ቅጠሉ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ይገኛል። ጠጋ ሲሉ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነፍሳት ተስፈንጥሮ ይጠፋል። ይህም በወፍራም የኋላ እግሮቹ የሚዘለው የቁንጫ ጢንዚዛ ነው።

ጢንዚዛው ቅጠሉን ሲበሳ፣ ትሉ ደግሞ አፈር ውስጥ ሥሩን ይበላል። ጥቃቱ ከበረታ ቡቃያው ይደርቃል፤ ዘሩም፣ የበልጉም ዝናብ በከንቱ ይባክናል።

የጉዳቱ ምልክት ከሌሎች ተባዮች ይለያል። ቆራጭ ትል ግንዱን ከአፈር አጠገብ ይቆርጣል፤ ክሽክሽ ቅጠሉን ያጨማድዳል፤ የቁንጫ ጢንዚዛ ግን ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎችን ይተዋል። ይህን ሳይለዩ መድኃኒት መግዛት ገንዘብን ማባከን ነው።

በዓለም ላይ ከ8 ሺህ በላይ የቁንጫ ጢንዚዛ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ብዙዎቹ ለዓይን ስለሚመሳሰሉ ባለሙያዎች የወንዱን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ አይተው ይለዩዋቸዋል። በሁመራና በመተማ ጥጥን በማጥቃት የታወቀው ዝርያ ፖዳግሪካ ፑንክቲኮሊስ ይባላል፤ በሱዳንም ይገኛል፤ ባሚያንም ይበላል። ይሁን እንጂ በላንቴ ማሳ የተበሳ ቅጠል ስለተገኘ ብቻ ያው ዝርያ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም።

አንድ ተባይ የተስፋፋበትን አካባቢ የሚያሳየው ካርታ የሚሠራው በናሙናዎች ላይ ከተጻፉ ቦታዎች ነው። በካርታው ላይ ምልክት የሌለበት ሥፍራ ሁሉ ከተባዩ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ናሙና የሰበሰበ ሰው አለመኖሩን ብቻ ሊያሳይ ይችላል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከየማሳው አሥር ያህል ጢንዚዛዎችን አስይዘው፣ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል በትንሽ ጠርሙስ ሊያኖሩ ይገባል። የቀበሌው ስም፣ ቀኑና የተያዘበት ተክል በእርሳስ ተጽፎ ጠርሙሱ ውስጥ ይግባ፤ የእስክሪፕቶ ቀለም በአልኮል ይለቃልና። የሁለት ማሳ ናሙና አይቀላቀል። ጠርሙሱ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ለምርምር ባለሙያዎች ይድረስ።

ይህ ሥራ ከሚቀጥለው ዘር በፊት ሲፈጸም፣ ዘሩ በመድኃኒት ታሽቶ መዘራት እንዳለበት አስቀድሞ መምከር ይቻላል። ቅጠሉ ከተበሳ በኋላ የሚደረግ ርጭት ግን ብዙ ጊዜ የዘገየ ነው።