የኮርማው አንገትና የእኛ አንገት

አዲስ አበባ ውስጥ ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ሲኬድ ሥጋ ቤቶቹ ውስጥ ሽንጡም ጎድኑም ተሰቅሎ ይታያል። ታይሮይድን ግን እዚያ አትፈልጉት። ከማንቁርት ሥር የአየር ቧንቧውን ግራና ቀኝ ያቀፈ ዕጢ ነው፤ በእርድ ጊዜ ከጉሮሮው ጋር መወገድ አለበት። ለምን ብትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 አሜሪካ ሚኒሶታና አካባቢው የከብት ታይሮይድ የተቀላቀለበት የተፈጨ ሥጋ የበሉ ከመቶ በላይ ሰዎች ልባቸው በኃይል እየመታ፣ እንቅልፍ እያጡ፣ እየከሱ ታመዋል። የከብቱ ሆርሞን ከእኛው ጋር አንድ ነዋ!

ዕጢው ይህን ያህል ከተመሳሰለ ካንሰሩስ? ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ታይሮይድ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ሴሎች አዮዲን እየሰበሰቡ ሆርሞን ይሠራሉ። በመካከላቸው የተበተኑት «ሲ ሴሎች» ግን ካልሲቶኒን ያመነጫሉ፤ ሥራው የደምን ካልሲየም መቀነስ ነው። ሰው ላይ ካንሰር የሚነሣው በአብዛኛው ከፊተኞቹ ነው፤ ከሲ ሴሎች የሚመጣው ሜዱላሪ የሚባለው ጥቂት ነው። ያረጀ ኮርማ ላይ ግን በብዛት የሚታየው የሲ ሴል ዕባጭ ነው።

ኮርማ ላይ ለምን በዛ? እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎቹ እነ ክሩክ ያቀረቡት ማብራሪያ መኖው ላይ ያነጣጥራል። ለወተት ላም የተዘጋጀ ካልሲየም የበዛበት መኖ ለኮርማውም ይሰጣል። ላሟ ትርፉን በወተትና በጥጃ ታወጣዋለች፤ ኮርማው ማውጫ የለውም። ሲ ሴሎቹ ዓመታት ያለ ዕረፍት ሲሠሩ ይበዛሉ፣ ከዚያ ያብጣሉ፤ የጀርባ አጥንቱም ይጠጥራል። የእኛ በሬ ተኮላሽቶ፣ አርሶ፣ ታርዶ ያልቃል፤ እንዲህ ተቀልቦ የሚያረጅ ኮርማ ብርቅ ነው። የእንስሳት ሐኪም ብሆን መጀመሪያ የማየው የቃሊቲውን የማዳቀያ ማዕከል ኮርማዎች ነበር።

የኮርማው ታሪክ መኖው ላይ ከሆነ፣ የእኛ የኢትዮጵያውያን ያለው ጨው ላይ ነው። አዮዲን ሲያጥር አዮዲን ሰብሳቢዎቹ ሴሎች በዝተው እንቅርት ያወጣሉ። በ1990 ዓ.ም. ከተነሣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በፊት አዮዲን ያለው ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ገበያው ወደ አፍዴራ ዞረ፣ በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቶ ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ግዴታ ሆነ። አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም፣ አትደንግጡ። ግን አዮዲን ባጠረበት አገር ፎሊኩላር የሚባለው የካንሰር ዓይነት ድርሻው ከፍ ይላል፤ ጨው ሲስተካከል ፓፒላሪ የሚባለው ሌላው ዓይነት እየበለጠ ይሄዳል። አዮዲን ባጠረው መሬት የምትግጥ ላምም እንቅርት ያለበት ጥጃ ልትወልድ ትችላለች።