ወረርሽኝ ቢኖርም የሐኪም ቀጠሮ አይቅር

እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020 በኬንያም በኢትዮጵያም የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ በአንድ ቀን ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ሐኪም ቤት መሄድን ፈራ። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገር ግን ኮሮና ስለመጣ ሌላው በሽታ አልቆመም። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ጋቪ መደበኛ ክትባት በመስተጓጎሉ ቢያንስ በ68 አገሮች ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ 80 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ለአደጋ እንደተጋለጡ አስጠንቅቀዋል። ኩፍኝ ደግሞ ከኮሮና ይበልጥ በቀላሉ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በኬንያ ክትባቱ በ9 እና በ18 ወር ይሰጣል፤ ታናናሽ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች የክትባት ካርዳቸውን ተመልከቱ።

ቫይረሱ በይበልጥ የሚተላለፈው በትንፋሽ፣ ሰው በተጨናነቀበትና አየር በማይገባበት ክፍል ነው። ስለዚህ ጥሩ ክሊኒክ ተራ መጠበቂያውን ይለውጣል። ከቀጠሮ በፊት በስልክ ስለ ትኩሳትና ሳል ይጠይቃል፤ ሳል ያለበትን በሌላ በር ወይም በሌላ ሰዓት ያስተናግዳል፤ ቀጠሮዎችን ያራርቃል፤ መስኮት ይከፍታል፤ የሚቻል ከሆነ ደጅ ያስጠብቃል። ቀጠሮ ስትይዙ እነዚህ መኖራቸውን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የእኛም ድርሻ አለ። ልጁን አንድ አዋቂ ብቻ ያጅበው፤ ሁለቱም ማስክ ያድርጉ። በሰዓቱ ድረሱ፤ ቀድሞ መድረስም መጨናነቅን ያመጣል። ጥያቄዎቻችሁንና ልጁ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ ሲገቡም ሲወጡም እጅ ታጠቡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ዝግጅቱ ከቤት ይጀመር።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም አሉ። መተንፈስ ያቃተው፣ ያንቀጠቀጠው፣ ራሱን የሳተ፣ መጠጣት ያልቻለ ወይም የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ ልጅ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

አስም ወይም ስኳር ያለበት ተማሪ ክትትሉን ሲያቋርጥ ጉዳቱ ክፍል ውስጥም ይታያል፤ ትንፋሽ እያጠረው ወይም ድካም እየተጫነው ትምህርት መከታተል አይችልም። ስለዚህ ወላጆች የቀጠሮውን ቀን አስቀድማችሁ ለክፍል ኃላፊው መምህር ንገሩ። ያመለጠውን ትምህርት መምህራን ያካክሱታል፤ ያመለጠ ሕክምና ግን ሁልጊዜ አይካካስም።