ያገለገለ ዕቃ በኢንተርኔት ስንገዛ መብታችን እስከ ምን ድረስ ነው?

የትምህርት ዘመን ሲጀመር በየቤቱ ከሚነሡ ጥያቄዎች አንዱ «ላፕቶፑ ከየት ይገዛ?» የሚለው ነው። የአዲሱ ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ ናይሮቢ የምንኖር ብዙዎቻችን ጂጂን፣ ፌስቡክን ወይም የቴሌግራም ቡድኖችን ከፍተን ያገለገለ እንፈልጋለን። አንዳንድ ጊዜ ግን ማስታወቂያው ሌላ፣ ቤት የገባው ዕቃ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «አሮጌ ነው፣ ምን ይደረግ? ደግሞስ በሰው አገር ማን ይሰማናል?» ብሎ ይተወዋል። ይህ አነጋገር ሁለት ስሕተቶች አሉበት። ያገለገለ ዕቃ የገዛ ሰውም መብት አለው፤ መብቱም በዜግነት አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 46 ተገቢ ጥራት ያለው ዕቃ የማግኘትን፣ በቂ መረጃ የማግኘትንና ለደረሰ ጉዳት የመካስን መብት የሚሰጠው ለ«ሸማቾች» ነው እንጂ ለዜጎች ብቻ አይደለም።

የማስታወቂያው ቃል ውል ነው

በኬንያ የዕቃ ሽያጭን የሚመለከተው ሕግ መሠረቱ በ1893 የወጣው የእንግሊዝ የሽያጭ ሕግ ነው። ኢንተርኔት ከመታሰቡ እጅግ ቀደም ብሎ የተጻፈ ቢሆንም ለዛሬው ገበያ የሚስማማ አንድ ትልቅ ደንብ ይዟል። ይኸውም ዕቃ በመግለጫ ሲሸጥ፣ የተረከብነው ዕቃ ከመግለጫው ጋር መስማማት አለበት የሚል ነው። በስልካችን ላይ ማስታወቂያ አንብበንና ፎቶ አይተን ስንገዛ የምንገዛው በመግለጫ ነው። ሕጉ በዚህ ረገድ አዲስና አሮጌ ብሎ አይለይም።

እንበልና አንድ ላፕቶፕ «ራም 16 ጂቢ፣ ኪቦርዱ ሁሉ ይሠራል» ተብሎ በ35,000 ሽልንግ ቀረበ። ቤት ገብቶ ሲከፈት ራሙ 8 ጂቢ ሆነ። ይህ «አሮጌ ዕቃ መቼም ጉድለት አያጣም» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ቃልና ዕቃ አልተገናኙም። በአንጻሩ «በጣም ምርጥ»፣ «አሪፍ ላፕቶፕ» የሚለው የሻጭ ማሞካሻ እንጂ መግለጫ አይደለም፤ በእሱ ላይ ተመሥርቶ መከራከር ይከብዳል። እንዲሁም ማስታወቂያው «ስክሪኑ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል» ብሎ ከነበረ፣ ስለ ስንጥቁ በኋላ መክሰስ አይቻልም። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ቁጥርና ተጨባጭ ነገር ያለበት ጥያቄ በጽሑፍ እንጠይቅ፤ «ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ተጠግኖ ያውቃል? ካርቶኑና የመጀመሪያው ደረሰኝ አለ?» የሻጩ መልስም የመግለጫው አካል ይሆናል።

ሻጩ ማን ነው?

መግለጫን የሚመለከተው ደንብ ነጋዴንም፣ ስልኩን አንድ ጊዜ የሚሸጥ ግለሰብንም ያስገድዳል። የጥራት ጉዳይ ግን ይለያል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት ብቁ እንዲሆን ሕጉ የሚያስገድደው በዚያ ዓይነት ዕቃ የሚነግደውን ሰው ነው። ብቁነቱም የሚመዘነው እንደ ዕድሜውና እንደ ዋጋው ነው፤ የአምስት ዓመት ባትሪ እንደ አዲስ እንዲቆይ አይጠበቅም። ከግለሰብ ስንገዛ ግን ሻጩ ስላልተናገረው ጉድለት የምንይዘው ነገር ትንሽ ነው። ከግለሰብ ሲገዙ ብዙ መጠየቅ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግም የሚመለከተው በንግድ ሥራ ላይ ያለውን ሻጭ ነው። ያገለገለን ዕቃ አዲስ ነው ማለት፣ ወይም ከእውነቱ በታች ነው ያገለገለው ማለት በዚህ ሕግ የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለ ሐሰት ተነግሮት የገዛ ሸማች፣ ስምምነቱ በቃል ብቻ የተደረገ ቢሆንም፣ በ1 ዓመት ውስጥ አሳውቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። «የራሴ ስልክ ነው» የሚል ሰው በዚያው ስም ሃያ ስልክ ለሽያጭ አውጥቶ ከተገኘ ነጋዴ ነው ለማለት ጥሩ ማስረጃ ነው። ማስታወቂያዎቹን ቆጥሮ ማየት አይጎዳም።

ዕቃውን በአካል አግኝተን ከመረመርን ደግሞ ኃላፊነቱ በከፊል ወደ እኛ ይመጣል። ስንመረምር ልናየው ይገባ ስለነበረ የጥራት ጉድለት በኋላ ማማረር አይቻልም። ስለዚህ ምርመራው ለይስሙላ አይሁን። ላፕቶፑን ማብራት፣ ቻርጀሩን መሰካት፣ ካሜራውን መሞከር ያስፈልጋል። ስልክ ከሆነ *#06# ደውሎ የሚወጣውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው። ቁጥሩ ካልተስማማ ወይም ሻጩ ከየት እንዳገኘው መናገር ካልፈለገ፣ ዋጋው ቢያጓጓም መተው ይሻላል፤ እያወቁ የተሰረቀ ዕቃ መግዛት ከባድ ወንጀል ነው።

ማስረጃ ከቤት ይጀምራል

ከሻጩ ጋር ስንጨቃጨቅ ማስታወቂያው በድንገት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችን በፊት የማስታወቂያውን፣ የሻጩን ስምና የመልእክት ልውውጡን ስክሪንሾት እናስቀምጥ። ክፍያውም ዕቃው ከታየ በኋላ በኤምፔሳ ቢሆን ይመረጣል፤ የማረጋገጫው መልእክት የተቀባዩን ስም፣ ቀኑንና የገንዘቡን መጠን ይይዛል። በእጅ የተሰጠ ብር ግን ምንም ምልክት አይተውም። አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ወደ 456 መልእክቱን ልኮ ገንዘብ ለማስመለስ የሚጠየቅበት አሠራር በስሕተት ወደ ሌላ ቁጥር ለተላከ ገንዘብ ነው እንጂ ባልረካንበት ግዢ ምክንያት ለከፈልነው አይደለም።

በተለይ ከወገን ስንገዛ ይህን ሁሉ እንተዋለን። «ያገር ልጅ ነው፣ ደረሰኝ ጠይቄ እንዴት ላሳፍረው?» እንላለን። መተማመን ጥሩ ነው፤ ግን የተጻፈ ነገር ሲኖር መተማመኑ ራሱ ይጠበቃል። ነገሩ ቢበላሽና ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ እንኳ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን ተባብላችሁ ነበር?» ብለው ነው።

ጉድለቱ ሲገኝ

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይሠራም። ገዢው ዕቃውን ይዞ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ እንደተቀበለው ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በሽያጭ ሕጉ መሠረት የሚቀረው ካሣ መጠየቅ ብቻ ነው፤ ዕቃውን መልሶ ሙሉ ገንዘብ የመቀበል ዕድሉ ያልፋል። ስለዚህ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ዕቃውን መጠቀም አቁመን ለሻጩ እንጻፍ። መልእክቱ ስድብ አያስፈልገውም፤ እንዲህ ያለ ይበቃል፦

«በዚህ ቀን ላፕቶፕ በ35,000 ሽልንግ ሸጠውልኛል። ማስታወቂያዎ ራሙ 16 ጂቢ ነው ይላል፤ የተረከብኩት ግን 8 ጂቢ ነው። ከመግለጫው ጋር ስለማይስማማ አልቀበለውም። መጥተው ይውሰዱ፤ ገንዘቤንም በ7 ቀን ውስጥ ይመልሱልኝ።»

ላፕቶፑን ማስቀረት ከፈለግን ደግሞ የዋጋውን ልዩነት መጠየቅ እንችላለን። ሻጩ እምቢ ካለ ለአነስተኛ ክሶች የተቋቋመ ፍርድ ቤት አለ። ናይሮቢ ሚሊማኒ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመረ ሲሆን እስከ 1,000,000 ሽልንግ የሚደርስ ክስ ያያል። ሕጉ ጉዳዩ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወሰን ያዛል፤ ከሳሽም ጠበቃ ሳይቀጥር ራሱ ቀርቦ መናገር ይችላል። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ከነጭራሹ ከጠፋ ግን ነገሩ የማታለል ወንጀል ሊሆን ስለሚችል የሚኬደው ወደ ፖሊስ ነው። በሁለቱም ቦታ የሚጠየቀው ያው ስክሪንሾትና የኤምፔሳ መልእክት ነው።

በመጨረሻም ሁላችንም አንድ ቀን ሻጭ እንሆናለን። በዚህ ዓመት የሚመረቁ ተማሪዎች ካልኩሌተራቸውን፣ መጻሕፍታቸውንና ስልካቸውን ለታናናሾቻቸው ይሸጣሉ። ማስታወቂያ ሲጽፉ የተሰነጠቀውን ተሰንጥቋል፣ የደከመውን ባትሪ ደክሟል ብለው ይጻፉ። ዋጋው ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን እውነቱን የጻፈ ሻጭ ሸጦ ሲያበቃ ስልኩን አጥፍቶ መደበቅ አያስፈልገውም።