የባዶ ተመላሹ ሒሳብ

በቅርቡ ከዋሽንግተን የምትመጣ የአክስቴን ልጅ ልቀበል በማለዳ ቦሌ ነበርኩ። ተቀባይ ወደ ተርሚናሉ አይገባምና እንደ ሰዉ ሁሉ መኪና ማቆሚያው አካባቢ ቆሜ ስጠብቅ፣ አጠገቤ ስም የተጻፈበት ወረቀት የያዘ አንድ ወጣት ሾፌር ነበር። እንግዳው ገና ከአገሩ ሳይነሳ ያስያዘው መኪና መሆኑ ነው። በረራው ደግሞ ዘግይቷል። ነገር ለመጀመር ያህል "በስንት ተቆረጠ?" አልኩት። ነገረኝ። ከቦሌ ካዛንቺስ ለመድረስ ይህን ያህል? ማለቴ አልቀረም።

"ጋሼ፣ እርስዎ የሚያዩት መንገዱን ነው" አለኝ። "እኔ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ። መቆሜንስ ማን ይከፍለኛል?"

የዚህን ሳምንት አምድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈልኝ። ቢሆንም ገጹን መሙላት የኔ ሥራ ነውና ሒሳቡን እንዘርዝረው።

ቁጥሮቹን ለምሳሌ ብዬ የወሰድኳቸው ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ይተካባቸው። ከቦሌ እስከ መሐል ከተማ 6 ኪሎ ሜትር እንበል። ነዳጁን፣ የመኪናውን ማርጀትና የሾፌሩን የመንዳት ጊዜ ጨምረን ለኪሎ ሜትር 30 ብር እንያዝ። እንግዳው የተቀመጠበት መንገድ 180 ብር ወጣው ማለት ነው። መኪናው ወደ ቦሌ የመጣው ባዶውን ስለሆነ ሌላ 180 ብር ይጨመር። ኢምግሬሽኑ፣ ሻንጣው፣ ጉምሩኩና የበረራው መዘግየት አንድ ሰዓት ተኩል ቢያስጠብቀው፣ በሰዓት 300 ብር ሊሠራበት የሚችለውን ጊዜ አጥቷልና 450 ብር። ድምሩ 810 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የመጠበቅ ዋጋ ሲሆን፣ እንግዳው በዓይኑ ያየው መንገድ ግን ሩብም አይሞላም። እንግዳው "ለስድስት ኪሎ ሜትር ዘረፉኝ" ቢል፣ ሾፌሩም "አልተዋጣልኝም" ቢል፣ ሁለቱም ስለ አንድ ዋጋ እያወሩ ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ።

ቱር ኦፕሬተሮች "ትራንስፈር" የሚሉት፣ እኛ ደግሞ ድሮ በላዳ ዘመን "ኮንትራት" ስንለው የኖርነው አገልግሎት የሚሸጠው እንግዲህ ይህንን ነው። መኪና መከራየት ብቻ ቢሆን ዋጋው እንዲህ አይሆንም ነበር። ደንበኛው የሚገዛው የሌላ ሰው መቆም ነው። አውሮፕላኑ ቢዘገይ ኪሳራው የሾፌሩ፣ ሻንጣ ቢጠፋና እንግዳው የጠፋ ዕቃ ማመልከቻ ሲሞላ ቢያረፍድ ጊዜው የሾፌሩ ነው። በውስጡ ትንሽ የመድን ሥራ አለበት።

ለዚህ ገንዘብ የሚከፍለው ሰው ሞኝ እንዳልሆነ ለማየት ሌላውን አማራጭ እናስበው። እንግዳው ሳያስይዝ ወጣ እንበል። ከተማው ውስጥ 8294 ወይም 6090 ደውሎ፣ አለበለዚያም በመተግበሪያው መኪና የሚጠራው ሰው ዋጋውን አስቀድሞ ይገምታል፣ የሾፌሩን ስምና ታርጋ ያያል። ይህ ሥርዓት ለአዲስ አበባ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ በዋጋ ክርክር የምናባክነውን ጊዜ ቀንሶልናል። አሁን የወረደው መንገደኛ ግን ሲም ካርድ የለውም፣ ኪሱ ውስጥም ብር የለም። መተግበሪያው ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት የማይሠራለት ለእሱ ነው። ስለዚህ ዋጋው የሚቆረጠው ቀድሞ "ታክሲ?" ብሎ ከጠጋው ሰው ጋር ይሆናል።

ይህን ዓይነት ገበያ ኢኮኖሚስቶች ያውቁታል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ቦታ ጥሩው ዕቃ ከመጥፎው ጋር በአንድ ዋጋ እየተመዘነ ከገበያ እንደሚወጣ አሳይቷል፤ በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ መስክ ነው። ኤርፖርት በር ላይ ደግሞ ሌላ ጉድለት ይጨመርበታል። ተሳፋሪውና ሾፌሩ ዳግመኛ አይገናኙም። የሰፈሬ ባለሱቅ ዛሬ ቢያታልለኝ ነገ አጣዋለሁ ብሎ ይፈራል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገኝህ ሰው ግን የሚፈራው ነገር የለም። በሆቴል ወይም በድርጅት በኩል ማስያዝ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ላይ ነው። እንግዳው ባይመለስም ሆቴሉ በየቀኑ ይደውላል። ሾፌሩ የሚጠነቀቀው ለእንግዳው ሳይሆን ለሆቴሉ ስልክ ነው። ሆቴሉም ለዚህ ኮሚሽን ይወስዳል፤ በነጻ ነው ከተባለም ዋጋው አልጋው ላይ አለ።

ሌሎች ከተሞች ይህንኑ ችግር በሕግ ሊፈቱት ሞክረዋል። ኒውዮርክ ከኬኔዲ ኤርፖርት ማንሃተን ለሚሄድ ታክሲ ቁርጥ ዋጋ አውጥታለች፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ 70 ዶላር ሆኗል፣ ሌሎች ክፍያዎች ሳይቆጠሩ። ፓሪስም ከሻርል ደጎል ከወንዙ በስተ ቀኝ ላለው የከተማ ክፍል አንድ ዋጋ፣ በስተ ግራ ላለው ሌላ ዋጋ ወስናለች። ለእንግዳ የሚጠቅመው ርካሽነቱ ሳይሆን አለመከራከሩ ነው። ቁርጥ ዋጋ ግን የትራፊኩን ጣጣ ከተሳፋሪው ወደ ሾፌሩ ያዞረዋል። ቆጣሪው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በቆጣሪ የሚሄድ ሾፌር መንገድ ቢያዞር ያተርፋል፣ በቁርጥ የሚሄደው ግን አቋራጭ ይፈልጋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ቦሌ ነው። ቦሌ ደግሞ ሳናስተውለው የኖርነው ድጎማ ሰጥቶናል፤ ለከተማው ቅርብ ነው። ዛሬ ሰፈሩን "ኦልድ ኤርፖርት" የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከቦሌ በፊት አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1962 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ 720 ጄቶች ሲያመጣ የልደታ ማኮብኮቢያ አይበቃም ነበርና ቦሌ ተሠራ። ያኔ ቦሌ ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማው ተከትሎት መጣ። ሻንጣ የሌለው ሰው ዛሬም ከተርሚናሉ በእግሩ ወጥቶ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ይይዛል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አስቀድሞ የተያዘው መኪና ዋጋ ከልክ በላይ እንዳይወጣ የሚይዘው፣ ማንም ባያስብበትም፣ ይህ ሚኒባስ ነው። (ዳያስፖራው ይህን ዕድል አይጠቀምበትም፤ 23 ኪሎ፣ 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች፣ የእጅ ቦርሳና ሊቀበሉት የመጡ አምስት ዘመዶች በቪትዝ አይሄዱም። ለእሱ ሚኒባሱን በኮንትራት መያዝ ግድ ነው።)

አዲሱ ኤርፖርት የሚሠራው ግን ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ ነው፤ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። አየር መንገዱ ከቦሌ የሚወጣው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ቦሌ በ2019 እ.ኤ.አ. ከተመረቀው ማስፋፊያ በኋላ እንኳ ዙሪያውን በቤት ተከቧል። ቢሾፍቱ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ አየሩ ወፈር በሚልበት ቦታ አውሮፕላን የበለጠ ጭነትና ነዳጅ ይዞ ይነሳል። ከአየር መንገዱ መንገደኞች ብዙዎቹ ደግሞ ተሸጋጋሪዎች ናቸው፤ አዲስ አበባን ሳያዩ ስለሚያልፉ ኤርፖርቱ 6 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነ 40 ላይ ግድ አይሰጣቸውም። ግድ የሚሰጠው ለእኛ ነው።

ሒሳባችንን እንድገመው። በዚያው በ30 ብር 40 ኪሎ ሜትር 1,200 ብር ነው። ባዶውን የመጣበት ሌላ 1,200። መጠበቁ አልተለወጠም፣ 450። ድምሩ 2,850 ብር። አሁን ትልቁ ወጪ የቱ እንደሆነ ልብ በሉ። ቦሌ ላይ የሾፌሩን ገቢ የሚበላው መቆም ነበር፤ አቡሴራ ላይ ከመቶ 16ቱ ብቻ ይሆናል። ባዶ ጉዞው ግን ከመቶ 42 ይደርሳል። እንግዳው አንድ ጊዜ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። ሾፌሩ ሲሄድ ተሳፋሪ አድርሶ፣ ሲመለስ ሌላ ቢያመጣ ያው ጉዞ 1,650 ብር ሊያበቃው ይችል ነበር። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ፣ ቤንዚንም በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ብቻ ሊትሩ ከ91 ብር ወደ 101 ብር ከፍ ካለ ወዲህ፣ በባዶ የሚነዳ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚያስቆጭ ነው።

ይህ ችግር በዓለም የመጀመሪያው አይደለም፤ ምስክሮቹም ሩቅ አይደሉም፤ ብዙዎቹ አማርኛ ይናገራሉ። ዋሽንግተን መሐል ከተማዋ አጠገብ፣ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ እንደ ቦሌ ቅርብ የሆነ ኤርፖርት አላት። በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከመሐል ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ዳላስ (Dulles) የተባለ ሌላ ኤርፖርት ተከፈተ። ርቀቱ የአቡሴራ ያህል ነው። ከኤርፖርቱ ጋር ለተጓዦቹ ብቻ የሚያገለግል ያለ ክፍያ የሚነዳበት መንገድ አብሮ ተሠራ። ባቡሩ ግን ዳላስ የደረሰው በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ። እነዚያን 60 ዓመታት ተሳፋሪውን ያመላለሰው አውቶቡስና መኪና ሲሆን፣ በቅርቦቹ ዐሥርት ዓመታት ከመሪው ጀርባ ከተቀመጡት ውስጥ የእኛ ልጆች ብዙ ነበሩ።

ዳላስ ለረጅም ዓመታት በሩ ላይ ተሰልፎ የመጫን መብት የሰጠው ለአንድ የታክሲ አገልግሎት ነበር። ለእንግዳው ጥሩ ነው፤ ታክሲው ይታወቃል፣ ሾፌሩ ተመዝግቧል፣ አከርሎፍ የፈራው ነገር ቀንሷል። ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ተከፈለ። ከከተማ ደንበኛ ይዞ የመጣ የዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ዳላስ ላይ አራግፎ ባዶውን ይመለስ ነበር፤ ተሰልፎ መጫን አይፈቀድለትም ነበር። የኤርፖርቱም ታክሲ ዲሲ ላይ አራግፎ ባዶውን ይመለስ ነበር፤ ከተማው ውስጥ መጫን የእሱ ድርሻ አልነበረም። ሁለት ባዶ መኪኖች በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፉ ነበር። ኤርፖርቱ ቨርጂኒያ፣ ከተማው ዲሲ፤ ፈቃድ ሰጪውም ለየብቻ ነበር።

እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። አቡሴራ ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፤ አብዛኛው መንገደኛ የሚሄደው አዲስ አበባ ነው። የአዲስ አበባ ታክሲ ፈቃድ የሚያወጣው ከከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ነው፣ የቢሾፍቱው ከሌላ ቢሮ። ስለ አዲሱ ኤርፖርት ሲወራ ስለ ማኮብኮቢያ፣ ስለ ተርሚናል ቅርጽ፣ ከከተማው ስለሚያገናኘው መንገድና ባቡር እንሰማለን። መልካም ነው፤ በተለይ ባቡሩ አብሮ ቢከፈት ቦሌ ላይ ሚኒባሱ ያደርግ የነበረውን የዋጋ ልጓምነት ይሠራል። አልደርስ ካለ ግን የመኪናው ዋጋ ጠባቂ አይኖረውም። የቀላል ባቡራችን መስመር ስንት ዓመት ሲሠራ ቦሌ ኤርፖርት እንዳልደረሰ ሳስብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ እሠጋለሁ።

ለዚህም ነው አስቀድሞ ማስያዝ ቢሾፍቱ ላይ ሌላ ሥራ የሚጠብቀው። ቦሌ ላይ ማስያዝ የሚጠቅመው በዋናነት እንግዳውን ነበር፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ከመከራከር ያድነዋል። አቡሴራ ላይ ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው መኪናውን ነው። ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት የሚደርሰውንና በሦስት ሰዓት የሚበረውን ሁለት ሰው አስቀድሞ የሚያውቅ ድርጅት፣ ሁለቱን ለአንድ ሾፌር ይሰጣል። ባዶው ጉዞ ይጠፋል፣ 1,200 ብሩ ለሁለቱ መንገደኞችና ለሾፌሩ ይከፋፈላል። ሲም ካርድ ገዝቶ በር ላይ መኪና የሚፈልግ ሰው ይህን ማገናኛ ጊዜ አይሰጥም። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ያው መኪና ከሁለቱም ጫፍ እንዲጭን ከተፈቀደለት ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከሁለት ሰዓት ጥበቃ በኋላ ወጣች። ሾፌሩ ያኔም ወረቀቱን እንደያዘ ነበር። ስሰናበተው ኤርፖርቱ ቢሾፍቱ ሲሄድ ትከተለዋለህ ወይ አልኩት።

"ሰው ይዤ እሄዳለሁ" አለ። "እዚያ ስደርስ ጫን ይሉኛል ወይ? እሱን አጣሩልኝ።"