የራሱን ልክ የማያውቅ ተማሪ

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ሰሜኑ ጦርነት ብዙ ተባለ፤ ሁሉም የየድርሻው አለው። እኔን ከቁጥሩ በላይ ያሳሰበኝ ግን ድንጋጤው ነው። በካርዳቸው ላይ 80ና 90 እያዩ ያደጉ ልጆች የመጣላቸውን ውጤት ማመን አቃታቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ተምረው የራሳቸውን ልክ የነገራቸው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር። እነሱ እንዲመዝኑ የጠየቃቸው የለም።

በወረቀት ደረጃ ግን ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ደንግጓል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመምህራን ትምህርት ተቋማት በተሰጠው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራምም አሠልጣኞች የራሳቸውን ሥራ እንዲመረምሩ ተደርጓል። የተማሪ ግለ ምዘናና የእርስ በርስ ምዘናም በየሥልጠናው ይነሳል። ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ተከታታይ ምዘና ማለት ከ5 እና ከ10 የሚታረሙ ትንንሽ ፈተናዎች ድርድር ሆነ። ተማሪዎችን በትንንሽ ቡድን የሚያደራጀው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ሲመጣም ጎበዙ ሠርቶ የሌሎቹን ስም አብሮ የሚጽፍበት ቡድን በየቦታው ተፈጠረ። ጓደኛህን ገምግም ሲባል ለሁሉም ከአሥር አሥር ይሰጣል። ወይም ደግሞ የተጣሉት ይቀናነሳሉ።

ልጆቹን በዚህ መውቀስ ትክክል አይመስለኝም። ካርዱ ላይ ደረጃ እስካለ ድረስ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ተፎካካሪዬ ነው፤ በእውነት ካረምኩለት ይቀድመኛል። ዝቅ አድርጌ ከሰጠሁት ደግሞ ነገ የእኔ ደብተር በእሱ እጅ ነው። ማርክ የሚሉት ነገር መሃል ላይ እስካለ ድረስ ሐቀኝነት ያስቀጣል።

ከዚህ የጠለቀ፣ ጮክ ተብሎ የማይነገር ምክንያትም አለ። ከተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ጀምሮ ሂስና ግለ ሂስ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ የተካሄደው ግምገማ፣ ሰው በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ድክመቱን የሚዘረዝርበት መድረክ ነበር። እዚያ የተናገረው ቃል በኋላ እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል። በዚህ ውስጥ ያለፈ ወላጅና መምህር ያሳደገው ልጅ «ድክመትህን ተናገር» ሲባል አንገቱን ቢደፋ አይፈረድበትም። መምህራን ይህን ሳያጤኑ ግለ ምዘናን እንደ ባዕድ ዘዴ ብቻ ማቅረባቸው ትልቅ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ባዕድም አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ በየዕለቱ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ያቀርባል። የቀደሙት ተማሪዎች ጀማሪውን ያርሙታል፤ መምህሩ ሲያቀና ሌላው ይሰማል። ምሥጢሩ የቱ ጋ እንደላላ፣ ዜማ ልኩ የቱ ጋ እንደጎደለ ይነገረዋል። ከመቶ ስንት የሚባል የለም። ተማሪው በቀጣዩ ቀን ሌላ ቅኔ ይዞ መምጣት አለበትና እርማቱ ሥራ ላይ ይውላል።

የዘመኑ ጥናትም ወደዚያው ያመራል። አውስትራሊያዊው ሮይስ ሳድለር በ1989 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ተማሪ የሚሻሻለው ጥሩ ሥራ ምን እንደሚመስል ሲያውቅ፣ የራሱን ከዚያ ጋር ማነጻጸር ሲችልና ልዩነቱን የሚያጠብበት መንገድ ሲኖረው ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሩት በትለር በእስራኤል ባደረገችው ጥናት፣ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ልጆች ሲሻሻሉ፣ ከአስተያየቱ ጋር ማርክም የተሰጣቸው ግን እንደ እነሱ አልሆኑም። ማርኩ ሲታይ አስተያየቱ ተረሳ።

ክፍል ውስጥ ይህን ማድረግ የሚጀምረው ከመስፈርቱ ነው። የአማርኛ ድርሰት እንውሰድ። መምህሯ ካለፈው ዓመት ስማቸው የተሰረዘ ሁለት ድርሰቶች ታነባለች፤ አንዱ ደህና፣ ሌላው ደካማ። የቱ እንደሚሻልና ለምን እንደሚሻል ተማሪዎቹ ይከራከራሉ። ከክርክሩ የወጡት ሦስት ነጥቦች ሰሌዳው ላይ ይጻፋሉ። ከዚያ ደብተር ይለዋወጡና እያንዳንዱ በጓደኛው ሥራ ላይ በእርሳስ አንድ የተዋጣ ቦታ ያሰምራል፣ አንድ መስተካከል ያለበትን ይጠቁማል። ቁጥር አይጻፍም። ባለቤቱ ደግሞ የቱን እንደተቀበለና የቱን እንዳልተቀበለ ወስኖ እንደገና ይጽፋል። መምህሯ የምታነበው ይህን ሁለተኛውን ነው። በሒሳብ ከዚህም ይቀላል፦ መልሱ ከመታየቱ በፊት በእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን «እርግጠኛ ነኝ» ወይም «ተጠራጥሬያለሁ» ብሎ መጻፍ። እርግጠኛ ሆኖ የተሳሳተው ልጅ ስለ ራሱ የሚማረው ከማንኛውም ማርክ ይበልጣል።

70 ተማሪ ባለበት ክፍል አይሠራም የሚሉ አሉ። እኔ ተቃራኒውን አስባለሁ። ለአንድ ድርሰት 5 ደቂቃ ቢሰጥ 70ውን ማረም ወደ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ አምስት ክፍል የያዘ መምህር ከ29 ሰዓት በላይ ሊያርም ነው። ስለዚህ ድርሰት ማጻፍ ይቀራል፣ ምርጫ ጥያቄ ይተካዋል። አገር አቀፉ ፈተናም ምርጫ ስለሆነ የሚጠይቅ የለም። ተማሪው የጓደኛውን ረቂቅ ማንበብ ካልለመደ በቀር፣ በትልቅ ክፍል ማንም በበቂ መጠን መጻፍ አይችልም።

እንቅፋቱ ርዕሰ መምህሩና ሱፐርቫይዘሩ የሚጠይቁት ነው፤ የተሞላ የማርክ ዝርዝር። ያልተመዘገበ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ከመቶው አንድም ነጥብ ሳይነካ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ሥራ ብቻ ቢተው፣ ሱፐርቫይዘሩም ክፍል ሲገባ የማርኩን ዝርዝር ትቶ የአንድን ተማሪ የመጀመሪያና ሁለተኛ ረቂቅ ጎን ለጎን ቢያይ፣ መምህሩ የሚሠራበት ፋታ ያገኛል። ይህን ለመወሰን አዲስ ፖሊሲም ሆነ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም፤ የትምህርት ቤቱ ሥልጣን ይበቃል።