ከቱርቦ በፊት የሞተሩ ትንፋሽ

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣችውን ፎልክስዋገን ጎልፍ ዲዝል የመሰለች አሮጌ መኪና በግቢው የሚያድስ ሰው፣ ቱርቦ ለመጨመር ከመቸኮሉ በፊት አንድ የፊዚክስ ሕግ ሊያጤን ይገባዋል። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው ፒስቶኑ አየሩን አምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ነው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረ አየር ወደ 22ኛ እጁ ሲታመቅ፣ ሙቀት ባይባክን ኖሮ፣ ከ600 ዲግሪ በላይ በደረሰ ነበር።

ፋሻው ካለቀ ወይም ቫልቩ በሚገባ ካልገጠመ ግን አየሩ ሾልኮ ያመልጣል፤ ሞተሩም በማለዳ አልነሣ ይላል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ በሆነባት አዲስ አበባ ችግሩ ይብሳል።

እንግዲህ በቅድሚያ የናፍጣው መስመር ተዘግቶ በእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚታመቀው አየር ግፊት ይለካ። ያረጀ ፋሻ ሳይለወጥ ቱርቦ ቢገጠም፣ የተጨመረው ግፊት ወደ ዘይቱ ክፍል እየሾለከ ሞተሩን ይጎዳዋል እንጂ አያበረታውም።