ሸንኮራው ለምን አልጣፈጠም?

ባለፈው ወር ጀሞ ታክሲ ተራው አጠገብ ከጋሪ ላይ ሸንኮራ ገዛሁ። ሻጩ ልጅ ልጦ፣ ቆራርጦ በላስቲክ ሰጠኝ። የግርጌው ቁራጭ ማር ነው፤ የጫፉ ግን ውሃ ውሃ ይላል።

«ይሄ ነገር አልደረሰም እንዴ?» አልኩት።

«ወንድሜ፣ እኔ ምን ላድርግ? ቶሎ ቆርጠውት ነው።»

ልጁ ልክ ነው። አገዳ ስኳር የሚያጠራቅመው ከግርጌው ጀምሮ ወደ ላይ ነው። የታችና የላዩ ጣዕም ከተቀራረበ ደርሷል ማለት ነው። ትልልቅ እርሻዎች ላይ ባለሙያዎች ይህንኑ በመሣሪያ ይለካሉ፤ እኛ በጥርሳችን።

ግን መቼ እንደሚቆረጥ በአብዛኛው የሚወሰነው በተተከለበት ወር ነው። ወንጂን እንውሰድ (የጋሪው ሸንኮራ ከዚያ መጣ ማለቴ አይደለም፤ ተክሉ ግን አንድ ነው)። ከአዳማ አጠገብ፣ አዋሽ ዳር በኔዘርላንዱ ኤችቪኤ ኩባንያ የተቋቋመው ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። እዚያ አዲስ የተተከለ አገዳ እስኪቆረጥ ዓመት ከመንፈቅና ከዚያም በላይ ይቆያል።

አገዳ ሙቀትና ውሃ ሲያገኝ ይረዝማል እንጂ ብዙ ስኳር አያጠራቅምም። የሚጣፍጠው ብርድና ደረቅ አየር እድገቱን ገታ ሲያደርገው ነው። ስለዚህ ክረምት ላይ የሚቆረጥ አገዳ ቁመናው ቢያምርም ጭማቂው ቀጭን ነው። በዚያ ላይ የወንጂ ጥቁር አፈር ሲዘንብበት ጭቃ ነው፣ መኪና አያስገባም። ፋብሪካዎቻችን በክረምት ወፍጮ አቁመው ጥገና ላይ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ሁሉም በጥሩው ወር ቢተከልስ? አይሆንም! ሁሉም አንድ ላይ ይደርስና ወፍጮው አይችለውም፤ የተቆረጠ አገዳ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስኳሩን ማጣት ይጀምራል። ስለዚህ ተከላው በወራት ይከፋፈላል። አንዱ ማሳ ሙቀት ይደርሰዋል፣ ሌላው የኅዳር ብርድ ላይ ይተከልና ለመብቀል ይንቀራፈፋል።

አሁን ዝናብ ወይም የነዳጅ እጥረት ተከላውን ሁለት ወር አዘገየው እንበል። ያኔ ማንም ልብ አይለውም። ጊዜው ሲደርስ ግን ምርጫው ሁለት ነው፦ ያልደረሰውን መቁረጥ ወይም ወፍጮውን ጦም ማሳደር። በደህናው ጊዜ ከ100 ኪሎ አገዳ የሚገኘው 10 ኪሎ ገደማ ስኳር ነው። ወደ 9 ከወረደ፣ ያው ቆራጭ፣ ያው መኪና፣ ያው ነዳጅ ወጥቶበት ከስኳሩ አንድ አሥረኛው ቀረ ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የዛሬ ዋጋ የነገን ምርት የሚያዛባበትን «ኮብዌብ» የሚባል ሞዴል ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። የገባኝ ግን እናቴ የሸማቾች ሱቅ በር ላይ ለስኳር ስትሰለፍ ነው። ዛሬ ዋጋው ጣሪያ ቢነካም፣ ዛሬ የሚተከለው አገዳ የእሷን ሰልፍ አያሳጥርም።

ከዚያ ወዲህ ሸንኮራ ስገዛ መጀመሪያ የምቀምሰው ጫፉን ነው። ሻጩ ልጅ ግን አይወደውም።